ያ ክረምት የት ገባ?

አጎቴ ሁለት በሬዎቹን የሸጠበት ክረምት ከዳታዬ ውስጥ ጠፋ። መጥፋቱን ያወቅኩት የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ለአማካሪዬ ልልክ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው።

ጥያቄዬ ከባድ አልነበረም። ልጅ ገና በእናቱ ማህፀን እያለ ዝናብ ከቀረ፣ ነገሩ በቁመቱ ላይ ይታያል ወይ? የሚል ነው። ለዚህ የልጆች ቁመትና የተወለዱበት ወር ያስፈልጋል፤ እሱን ከ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አገኘሁ። ከጥር እስከ ሰኔ መረጃ ሰብሳቢዎች በየክልሉ ተሰማርተው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ትንሹን አስተኝተው፣ ተለቅ ያለውን አቁመው የለኩበት ሥራ ነው። ዝናቡን ደግሞ ቺርፕስ ከሚባለው መዝገብ ወሰድኩ። መዝገቡ የሳተላይት ምስልንና የመሬት ጣቢያዎችን ንባብ አዋህዶ፣ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ፣ ጎናቸው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ላይ በየወሩ ምን ያህል እንደዘነበ ይናገራል። ልጁ የተወለደበትን ወር ይዞ ወደኋላ ዘጠኝ ወር መቁጠር፣ በዚያ ቦታ በዚያ ጊዜ የጣለውን ዝናብ መደመር፣ ከቁመቱ ጎን ማስቀመጥ። ይሄው ነው። የአንድ ሌሊት ኮድ ነው።

ጻፍኩት፤ ሠራ። የመጣው ውጤት ግን ዝናቡና ቁመቱ ምንም እንደማይገናኙ የሚናገር ነበር።

ቅር አለኝ፤ ግን ተቀበልኩት። «ምንም የለም» የሚል ውጤትም ውጤት ነው ብለው አስተምረውናል፣ እውነትም ነው። ቁጭ ብዬ ለምን ምንም እንዳልታየ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። ሴፍቲኔት ደርሶላቸው ይሆናል አልኩ፤ ዘመድ ከዘመድ ተጋግዞ፣ እናቶች ከራሳቸው ቀንሰው ይሆናል አልኩ። ያ ማብራሪያ ያምር ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ማማሩ ነው። ሌላ ውጤት ቢመጣ ኖሮ ለሱም እኩል የሚያምር ሁለት ገጽ እጽፍ ነበር።

ረቂቁን ከመላኬ በፊት አንድ ሥዕል ልጨምርበት አሰብኩ። የ2007 ክረምት ኤልኒኖ ያደረቀው ክረምት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ያወጁበት ነው። እኔ ግን ያን ክረምት ከሪፖርት አይደለም የማውቀው። አጎቴ ደውሎ «ሳሩም ገለባውም አለቀ፣ ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው ነው» ሲል እናቴ ስልኩን በድምጽ ማጉያ አድርጋው ሁላችንም ሰምተናል። እናም 2007ን ከፋይሌ ላይ መርጬ የአጎቴን አገር ዝናብ ሥዕል አወጣሁ። ዝናቡ መደበኛ ነው። ደግሜ አወጣሁት። መደበኛ ነው። ያ ክረምት የት ገባ?

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። በልጆቹ ፋይል ያለው 2007 የኛ 2007 ነው። በዝናቡ ፋይል ያለው 2007 የፈረንጅ 2007 ነው። ድርቁ በመታበት ወቅት የተጸነሰ ልጅ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀደም ብሎ ከጣለ ዝናብ ጋር ተጣምሮ ነበር። አንድም ልጅ ከራሱ ዝናብ ጋር አልተገናኘም። እንግዲህ ዝናቡና ቁመቱ ምን ሊያገናኛቸው?

የዚህ ዳሰሳ ፋይሎች ወርን የሚያስቀምጡት ከ1900 ጀምሮ ያሉትን ወራት በመቁጠር ነው። ታኅሣሥ 2004 የተወለደ ልጅ 1252 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፦ 104 ዓመት በ12 ወር፣ ሲደመር አራት። ያው ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ዲሴምበር 2011 ነው፣ ቁጥሩም 1344 ይሆናል። ልዩነቱ 92 ነው። የኢትዮጵያን የጤና ዳሰሳ ከሌላ ዓለም አቀፍ መረጃ ጋር የሚያገናኝ ሁሉ መጀመሪያ 92 መደመር አለበት። ይህም ቢሆን ልክ ልኩን አይገጥምም፤ የኛ ታኅሣሥ ዲሴምበር 10 አካባቢ ጀምሮ ጃኑዋሪን ይነካል። ግን ለወር ሥራ ይበቃል።

ይህን ለምን አላየሁትም ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መመሪያው ላይ ተጽፏል። የውጭ አገር ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በተሠራ ዳሰሳ ላይ «የቃለ መጠይቁ ዓመት፦ 2008» የሚል ሲያይ ይደነግጥ ነበር። እኔ አልደነገጥኩም። ዓይኔ የለመደው ዓመት ነው። ልጅ በ2004 ተወለደ ሲሉኝ የማውቀው 2004 ስለሆነ አለፍኩት። አገር ማወቄ ስህተቱን ሸፈነልኝ፤ ያው አገር ማወቄ ደግሞ በአጎቴ በሬዎች በኩል መጥቶ ገለጠው። ኮምፒውተሩ በመሃል አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሁለት ቁጥር ሰጥተህ አገናኝ ካልከው ያገናኛል፤ የማን ዘመን እንደሆነ አይጠይቅም።

92 ደምሬ ስደግመው ሰንጠረዡ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለቱ ገጾችም ተሰረዙ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ ማንኛውንም ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የማስበው ቁጥሩ የተወለደበትን ቦታ ነው። የት ግቢ ውስጥ፣ ማን ጠይቆ፣ ማን መልሶ፣ በምን ቋንቋ። ይህን ማወቅ የነበረብኝ ከማንም ቀድሜ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ቁጥር ሲወለድ በገዛ እጄ ይዤ አይቻለሁ።

በ2003 የመጀመሪያ ዲግሪዬን ሳልጨርስ በአንድ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ወሎ ሄጄ ነበር። ያኔ ታብሌት አልደረሰንም፤ ወፍራም የወረቀት መጠይቅ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ የፕላስቲክ ቦርሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት ቤት ገባሁ። ቡና ላይ ነበሩ፤ ሳልጠጣ መጠየቅ እንደማይቻል ተነገረኝ፤ ሦስቱንም ጠጣሁ። ከዚያ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ምኑን አውቄው ልጄ። በጣልያን ጊዜ ድክ ድክ ትይ ነበር ይሉኛል።»

«ታዲያ ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«የፈለግሽውን በይ። ወረቀቱ ያንቺ ነው።»

ለዚህ ዓይነት ሰው የአካባቢ ክስተቶች መቁጠሪያ የሚባል ገጽ ይሰጠናል። ጣልያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ ንጉሡ የወረዱበት 1967፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ ከዚያ ደግሞ የወረዳው የራሱ ነገሮች፣ የመንገዱ መከፈት፣ የትልቁ ጎርፍ ዓመት። በእሱ ስሄድ እማማ ከ71 እስከ 77 ባለው ውስጥ የትኛውም ሊሆኑ ይችላሉ። መጠይቁ ግን ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፣ ለሁለት አሃዝ። «ከ71 እስከ 77» ብሎ መጻፊያ ቦታ የለም። 75 ጻፍኩ። ለምን 73 አልጻፍኩም? እጄ ወደ 75 ስለሄደ።

በአገራችን ቆጠራና ዳሰሳ ውስጥ ያለውን የዕድሜ ስርጭት በሥዕል ያወጣ ሰው ያንን እጅ ያየዋል። ሥዕሉ ተራራ መምሰል ሲገባው አጥር ይመስላል፦ 30 ላይ ረጅም እንጨት፣ 31 ላይ ጉድጓድ፣ 35 ላይ እንጨት፣ 40 ላይ ሌላ ረጅም እንጨት። ይህን የሚለካ ዊፕል የሚባል ቀላል መለኪያ አለ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉ ሰዎች ይወሰዳሉ፤ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀው ስንት እንደሆኑ ይቆጠርና በአምስት ተባዝቶ ለጠቅላላው ይካፈላል፣ ከዚያ በመቶ ይባዛል። ማንም ዕድሜውን ካላጠጋጋ 100 ይመጣል፤ ሁሉም ካጠጋጋ 500። ከ175 ካለፈ በተባበሩት መንግሥታት ምድብ በጣም ሻካራ መረጃ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ይህንን አጥር መጀመሪያ ያየሁ ቀን ክፍል ውስጥ ያሉት «የመረጃ ጥራት ችግር» እያሉ ሲጽፉ እኔ እማማን አሰብኩ። ከነዚያ እንጨቶች አንዱን የተከልኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ማጠጋጋት ገልብጠው መሣሪያ አድርገውታል። ትምህርት ቤት ያልገባ፣ የልደት ወረቀት የሌለው ሕዝብ ዕድሜውን የበለጠ ያጠጋጋል። ስለዚህ ከመቶ ዓመታት በፊት የተጻፉ መዝገቦችን ይዘው፣ ማጠጋጋቱ በየትውልዱ እንዴት እየቀነሰ እንደሄደ በመለካት የሒሳብ ችሎታ በየት አገር መቼ እንደተስፋፋ ይገምታሉ። ለአንዱ ጥናት ቆሻሻ የሆነው ለሌላው ዋናው ምርት ሆነ። ይህ ግን አንድ ነገር ያስጠነቅቃል፦ የዕድሜ ስህተቱ በእኩል የተበተነ አይደለም። ያልተማረችው፣ የገጠሯ፣ አሮጊቷ ላይ ይበዛል። ዕድሜን እንዳለ ወስዶ ሪግሬሽን (የነገሮችን ዝምድና የሚለካ ስሌት) ውስጥ የሚያስገባ ሰው፣ ስለ ተማረው ከተሜ በትክክል፣ ስለ እማማ በግምት እየተናገረ መሆኑን ቢያንስ ይወቀው።

ስለ መሬት ከተነሳ ግን ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ እኔም ሳልቆጣ ማውራት የማልችለው እሱን ነው።

«ስንት መሬት አለህ?» ስትለው ገበሬው በጥማድ ይነግርሃል። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን አርሶ የሚጨርሰው ነው። ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ይመነዘራል። ቆም ብሎ ላሰበው ሰው ግን ጥማድ የስፋት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የድካም መለኪያ ነው። ዋልካ መሬት ላይ ያለ ጥማድና ለስላሳ አፈር ላይ ያለ ጥማድ አንድ አይደሉም። የጠገበ በሬ ጥማድና የከሳ በሬ ጥማድ አንድ አይደሉም። ገበሬው ቁጥሩን ሲናገር አፈሩን፣ በሬውን፣ ቀኑን አብሮ ነው የሚናገረው። እኛ ደግሞ ያንን ተቀብለን በ0.25 እናባዛዋለን።

በዚህ ላይ የምርት ጥያቄ ይመጣል። «ዘንድሮ ከዚህ ማሳ ስንት ኩንታል ጤፍ አገኘህ?» መኸር ካለፈ ወራት ቆይቶ። እሸት ሳለ የተበላው አለ፤ በቆሎም ከሆነ ልጆቹ ጠብሰው የጨረሱት አለ። ለደቦ የወጣው ሰው የበላው አለ፤ ለዘር የተቀመጠው፣ ለብድር የተሰፈረው፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው አለ። የመጣውም በቁናና በእንቅብ እንጂ በሚዛን አይደለም። ሰውየው ይህን ሁሉ በአፍታ ደምሮ «አራት» ይላል። አልዋሸም። በሰከንዶች ውስጥ እንዲያ ያለ ሒሳብ ማን ይሠራል?

ከዚህ «አራት» ላይ ተነስቶ አንድ ትልቅ ክርክር ተገንብቷል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1962 የሕንድን መረጃ ይዞ ካነሳው ወዲህ፣ ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው ትልቅ መሬት ካለው ይበልጣል የሚለው ነገር በየአገሩ ተደጋግሞ ታይቷል። ለምን ይሆን እየተባለ ብዙ ተጽፎበታል፤ የመሬት ክፍፍልን የሚደግፉም የሚቃወሙም ጠቅሰውታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎቹ ሳም ዴዚየርና ዲን ጆሊፍ የኛኑ አገር የማኅበረ ኢኮኖሚ ዳሰሳ ይዘው መጡ። በዚህ ዳሰሳ ለአንዳንድ ማሳዎች ምርቱ በሁለት መንገድ ተመዝግቧል፤ አንዱ ገበሬው የተናገረው ነው፤ ሌላው መረጃ ሰብሳቢው ማሳው ውስጥ በዕጣ ከወደቀበት ቦታ አራት ሜትር በአራት ሜትር ለክቶ፣ ያንን ብቻ አጭዶና ወቅቶ የመዘነው ነው። ገበሬው በተናገረው ሲሰላ ያ የታወቀ ግንኙነት ጎልቶ ይወጣል። በተመዘነው ሲሰላ ይጠፋል። ትንሽ ማሳ ላይ ሰው አብዝቶ፣ ትልቅ ማሳ ላይ አሳንሶ የመናገር ዝንባሌ ካለው፣ የምርታማነት ሕግ መስሎ ሲታይ የኖረው ነገር የአነጋገር ልማድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህንን ጥናት ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ድሃ ገበሬ ትጋት ስንቱን ንግግር ሰምቻለሁ፣ እኔም ተናግሬያለሁ፤ ቁጥሩን ይዤ። ክርክሩ አላለቀም፣ ወደፊትም ሌሎች ሌላ ያገኙ ይሆናል። እኔን የመሰጠኝ ግን መፍትሔው የመጣበት መንገድ ነው። ከተራቀቀ ሞዴል አልመጣም። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ካስማ ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ አሥራ ስድስት ካሬ ሜትር ካጨደ መረጃ ሰብሳቢ ነው የመጣው። ያንን ሰው በምስጋና ገጽ ላይ እንኳ ስሙን አናገኘውም። ደሞዙ ስንት እንደሆነ፣ አበሉ በጊዜው ይደርሰው እንደሆነ፣ ዝናብ ሲመታው የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዳታ ጥራት ግን ያለው እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጽሑፍ ትንተና ሁሉም እየሮጠ ነው፤ እኔም ሮጫለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ ሥራ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የአማርኛ መልሶች እጄ ገቡ። «ስለ ኑሮዎ ምን ይላሉ?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች በድምጽ የመለሱት፣ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ አንድ ነገር ሠርቼ አዎንታዊና አሉታዊ ብዬ ልለያቸው ነበር።

መጀመሪያ ፊደሉ አስቸገረ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ። ፀ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየሆነ በስድስት። ሲባዛ 12 ነው። ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለማሽን 12 የማይተዋወቁ ቃላት። ይህ ቀላሉ ነው፤ ድምጻቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ወደ አንድ መልክ ማምጣት ጥቂት መስመር ኮድ ነው። አንዳንዶች ይህ የፊደልን ታሪክ መድፈር ነው ይላሉ። ለኅትመት ከሆነ እስማማለሁ፤ ለቆጠራ ግን ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ በቅጂው ላይ መሥራት ምንም አይጎዳም።

ከዚያ አፍራሹ፣ ማለትም ግሱን ወደ «አይደለም» የሚቀይረው የቃል ክፍል፣ መጣ። በእንግሊዝኛ ለተሠራ የቃላት ዝርዝር አፍራሹ ለብቻው የቆመ ቃል ነው። በኛ ግን ግሱን ከፊትም ከኋላም ያቅፈዋል። «አልተቸገርንም» የሚል መልስ ውስጥ «ችግር»ን የሚፈልግ ኮድ ሥሩን አግኝቶ «ችግር አለ» ብሎ ይቆጥራል። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የሚባል መሣሪያ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ሥርወ ቃላቸው ይፈታል፤ በእሱ ብዙ ተቃንቷል።

ያልተቃናው ግን ሦስተኛው ነው። ከመልሶቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ተመስገን»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» እያሉ ነው። ማሽኑ ደስ ብሎት አዎንታዊ ይላል። እኔ ደግሞ የድምጽ ቅጂውን ከፍቼ ሰማሁ። አንዲት እናት «ተመስገን ነው» ካሉ በኋላ ዝም አሉ። ረዘም ያለ ዝምታ። ከዚያ «ምን እንላለን፤ ያለው አለ» አሉ። የተገለበጠው ጽሑፍ ላይ ዝምታው የለም። «ያለው አለ» የሚለውን ደግሞ ማንኛችንም እዚህ አገር ያደግን ሰዎች ደስታ ብለን አንሰማውም። ጎረቤት እንዲህ ሲለን ሽሮ ይዘን የምንሄድበት አነጋገር ነው።

ስለዚህ ምን አደረግኩ? ከመልሶቹ ሁለት መቶውን በዕጣ አወጣሁ። ሦስት ሆነን፣ አንዱ ወሎዬ፣ አንዷ የጎንደር ልጅ፣ እኔ የአዲስ አበባ፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እየሰማን ምልክት ሰጠን። ያልተስማማንባቸውን ይዘን ተከራከርን። አንድ ሳምንት ፈጀ። ማሽኑን የፈተንነው በዚያ ነው። አሁን አሁን ተማሪዎች ይህን ሥራ ለቋንቋ ሞዴል ሰጥተው በአሥር ደቂቃ እንደጨረሱ ይነግሩኛል። አልከለክልም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ሁለት መቶውን ግን መጀመሪያ በጆሯቸው እንዲሰሙ እለምናቸዋለሁ። እለምናለሁ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ይህን የሚያስገድድ ደንብ የለም።

ስለ ስምም ልንገራችሁ፣ በአጭሩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሚስት የባሏን አትወርስም፣ ልጅም ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን መጠሪያ ይይዛል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ ስም የለውም። ሁለት መዝገቦችን በቤተሰብ ስም የሚያገናኝ የውጭ አገር ኮድ በኛ መረጃ ላይ ሲሠራ እናትና ልጅን ባዕድ ያደርጋል፤ አባታቸው ከበደ የተባለ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ደግሞ ወንድማማች። ይህን ያየሁት በታተመ ሥራ ላይ ሳይሆን በራሴ ፋይል ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚያዳምጡኝ አንዳንድ ወዳጆቼ «እንግዲያው ቁጥር ይቅር» ይሉኛል። አይቅርም። እኔ ቁጥርን የምወደው ቡና ላይ ተቀምጦ የማይሰማ ነገር ስለሚያሰማ ነው። ከ1986 ጀምሮ በ15 የገጠር መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ተመላልሶ የጠየቀ ዳሰሳ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል። እስቴፈን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ የ77ቱ ረሃብ በከፋበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ሕፃናት አድገው ወጣት ሲሆኑ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው እንደተገኙ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም እንዳነሰ አሳይተዋል። ይህንን አንድ እናት ልትነግረኝ አትችልም። ልጇ ከማን ጋር ሲነጻጸር አጠረ? ያልተራበውን ልጇን አላየችውም። እሱን ማየት የሚቻለው ብዙ ቤቶችን አብሮ በማየት ብቻ ነው። ሴንቲሜትሯን ሳነብ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ልጆች ታላላቆቼ ናቸው።

ቁጥርን ስለምወድ ነው የቆጠራው ነገር የሚያሳዝነኝ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ነው፤ ወደ 74 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረ። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ። የዚያን ዕለት የተወለደ ልጅ ዛሬ መምረጥ የሚችል ሰው ሆኗል። ናሙና ስንወስድ የቆጠራ ቦታዎችን ዝርዝር፣ እያንዳንዱ የተጠየቀ ሰው ስንቱን እንደሚወክል ክብደት ስንሰጥ የሕዝቡን ብዛት ከዚያ ላይ ተነስተን እየገመትን ነው የምንሄደው። በዚህ መሃል ከተሞች ተለጥጠዋል፣ ሰው ተፈናቅሏል፣ ጦርነት አልፏል። ከላይ የምንገነባው ሞዴል በተራቀቀ ቁጥር ከሥር ያለው መሠረት እየራቀ መሄዱን የምናነሳው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ሳተላይት የጣሪያ ብዛት ይቆጥራል፤ ጣሪያው ሥር ስንት ሰው እንዳደረ ግን ጎብኝቶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ደግሞ ሆን ተብሎ የሚገባ ስህተት አለ፣ እሱን አከብረዋለሁ። ያ የጤና ዳሰሳ የመንደሮቹን መገኛ ሲሰጥ እንዳለ አይሰጥም፤ የከተማውን እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩን እስከ አምስት፣ ከመቶ አንዱን የገጠር ቦታ ደግሞ እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ገፋ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የመለሰች ሴት ቤቷ እንዳይታወቅ። በዝናብ ሥራዬ ላይ ይህ መገፋት ያደበዝዝብኛል። ይደብዝዝ። እሷ ስለተጠበቀች የመጣ ብዥታ ስለሆነ ቅር አይለኝም፤ መጠኑም ተነግሮኛል፣ በሒሳቤ አስገባዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር አጎቴ ጋ ደወልኩ። በሬዎቹን የሸጠው በየትኛው ወር እንደነበር ልጠይቀው ነው።

«ጋሼ፣ በሬዎቹን የሸጥክበት ክረምት ትዝ ይልሃል?»

«ምን ይረሳል።»

«ወሩስ?»

ትንሽ አሰበ። «ፍልሰታ ይዘን ነበር። ሰባተኛው ቀን ወይ ስምንተኛው። ገበያው በከብት ሞልቶ ገዢ የለም።»

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ነሐሴ 2007፦ 107 በ12፣ ሲደመር 12፣ 1296 ይሆናል። ሲደመር 92፣ 1388። ፋይሌን ከፍቼ 1388ን መረጥኩ፤ በአጎቴ አገር ላይ ያለው አራት ማዕዘን ከሌሎቹ ዓመታት ነሐሴ ይልቅ ገርጥቶ ወጣ።

«ለምን ፈለግሽው?» አለኝ።

«ልጽፈው ነው።»

«እንግዲያው ስማቸውንም ጻፊ» አለ። «ቦራና ዳለቻ።»